ስምንተኛው ድርሰት

ልዕልት ወልደ ገብርኤል ያደገችባት የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ የገባችው ለሦስት ሳምንት ብላ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ፒያኖ ታስተምራለች፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባልም ልጅም የላትም። ለብቻ ፒያኖ የጻፈቻቸውን ስምንት አጫጭር ድርሰቶች በታኅሣሥ ወር በአንድ አዳራሽ እንድታቀርብ ተጋብዛ ሰባቱን ጨርሳለች። ስምንተኛው ግን ዓመት ሙሉ እምቢ አላት። እየጻፈች ስትሰርዝ፣ እየሰረዘች ስትጽፍ ሐምሌ ደረሰ፤ ያኔ ታላቅ እህቷ ላቀች ደወለች።

«አባባ እግራቸው አብጧል። ጋደም ማለት ስላልቻሉ ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። የምትመጪ ከሆነ አሁን ነይ፤ መንገዱ ተከፍቷል እየተባለ ነው።»

ከሁለት ዓመት ወዲህ በዚያ አገር መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ተኩስ ሲሰማ መኪና ይቆማል፤ ጸጥ ሲል ደፋር ሾፌር ይወጣል። ልዕልትም ፈጥና ተነሣች። ከልብሷ ጋር የኤሌክትሪክ ፒያኖዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሚኒባስ ላይ አስጫነች። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቀጠን ያለ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው።

ላቀች በር ላይ ቆማ ዕቃው ከመኪናው አናት ሲወርድ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«አባትሽ ታመሙ ብዬሽ ይህን ይዘሽ ትመጫለሽ?»

«እትዬ፣ ሥራዬ ነው። የማቀርብበት ቀን ተቆርጧል።»

«ይሁን። የት ይቀመጥ?»

ዕቃው አባታቸው ከተኙበት ክፍል ቀጥሎ ባለው ጓዳ፣ ከገብሱ ጎተራ አጠገብ ተቀመጠ።

አባታቸው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። የዜማ መምህር ናቸው። በጎልማሳነታቸው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለ ደብር አስተምረዋል፤ ከዚያ ወደ እስቴ ተሻግረው ሠላሳ ዓመት ወንበር ዘርግተዋል። ከእጃቸው የወጡ መሪጌቶች በየደብሩ አሉ። አሁን ግን ከጉባኤ ቤቱ ዙሪያ የነበሩት የተማሪ ጎጆዎች ባዶ ናቸው፤ ዘመኑ ሲከፋ ተማሪው ወደየአገሩ ተበትኗል። እሳቸውም ከፋሲካ ወዲህ ዜማ ከአፋቸው አልወጣም። ትንፋሹ የለም።

ልዕልት ልጅ ሆና ከጉባኤ ቤቱ አጥር ውጭ ተቀምጣ ወንዶቹ የሚማሩትን ስትሰማ ታድግ ነበር። ማንም ሳያስተምራት ብዙውን በጆሮዋ ያዘችው። መሪጌታ ያውቃሉ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ «ነይ ግቢ» አላሏትም፤ «ሂጂ»ም አላሏትም። አዲስ አበባ ሄዳ ፒያኖ ተማረች ሲባሉም «ደግ» ብቻ አሉ። ልዕልት ያን «ደግ» አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ ዞራለች።

የምትጽፈው ሙዚቃ ኢምፕሬሽኒስት የሚሉት ዓይነት ነው። ተማሪዎቿ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «አንድን ነገር አይተሽ ዓይንሽን ስትጨፍኚ የሚቀርልሽ አለ አይደል? እሱን ነው በድምፅ የምንፈልገው» ትላቸዋለች። ሰባቱ ድርሰቶቿም እንደዚያ ናቸው። አንዱ የጉና ራስ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ነው። አንዱ ንፋስ ያልታጨደ ገብስ ላይ ሲሄድ ነው። በእግሯ በምትረግጠው ፔዳል ድምፆቹን ይዛ ታቆያቸውና አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲሟሙ ትተዋቸዋለች፤ የት ጀመረ፣ የት አለቀ ለማለት ያስቸግራል።

ቤት ውስጥ የምትሠራው ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስለሆነ ላቀች የሚሰማት የቁልፎቹ ጠቅ ጠቅታ ብቻ ነው።

«ምንሽንም አልሰማ» አለቻት አንድ ቀን ውሃ ይዛ ስታልፍ። «አይጥ እንጨት የምትበላ ነው የሚመስለው።»

በሁለተኛው ሳምንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር አዜብ መጥታ መሪጌታን አየች። የእግራቸውን እብጠት በጣቷ ተጫነችው፤ ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ጀርባቸውን አዳመጠች። ከዚያ ሁለቱን እህትማማቾች ደጅ ጠራቻቸው።

«ልባቸው ደክሟል። ውሃው ወደ ሳንባቸው እየወጣ ነው። ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም፤ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒትና ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። እኛ ጋ ደግሞ መንገዱ ከታወከ ወዲህ ሁለቱም አልቋል።»

«የት ይገኛል?» አለች ላቀች።

«ደብረ ታቦር። አሁን የሚወጣ መኪና የለም፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆሟል። ግን መጀመሪያ በተገኘው መኪና፣ ቀን ሳትቆጥሩ ውሰዷቸው። እየነገርኳችሁ ነው።»

ላቀች ያን ዕለት መልካሙ የሚባለውን ሾፌር አገኘችው። ከወገዳ ተነሥቶ በመካነ ኢየሱስ በኩል ደብረ ታቦር የሚመላለስ፣ ዝምተኛ፣ ዕድሜው አርባን ያለፈ ሰው ነው። መንገዱ እንደተከፈተ እንደሚደውል፣ ለመሪጌታ ከፊት ወንበር እንደሚይዝ ቃል ገባላት። የልዕልትን ስልክ ቁጥር ሰጠችው፤ የእሷ ቀፎ ባትሪው ስለማይቆይ።

በዚያው ሰሞን ነው ልዕልት አባቷን ሰባቱን ድርሰቶች ያሰማቻቸው። ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። ትራሱን አስደግፋቸው ማዳመጫውን ከስልኳ ጋር አገናኝታ ከጥምጥማቸው በላይ አደረገችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ሰሙ። አንዱንም አላቋረጧትም። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቁና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ።

«ጭጋጉን አየሁት» አሉ። «ጉና ነው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ገብሱንም አየሁት። ሰውየው የታለ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«እንጃ። ገብሱን የዘራው። ጭጋጉ ውስጥ የሚሄደው። ሰው የለበትም፣ ልጄ።»

ልዕልት ተናደደች። ይህ ሙዚቃ እንደዚያ አይደለም ብላ ልትከራከር አፏን ከፈተችና ተወችው። ወደ ጓዳ ገብታ ሰባቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጠቻቸው። ሰው የለባቸውም። አንድም አስተማሪዋ፣ አንድም ጓደኛዋ ያላላትን ነገር ፒያኖ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሽማግሌ በአንዴ ተናገሩት። ስምንተኛው ለምን እምቢ እንዳላትም ያን ቀን ገባት።

ከዚያ ወዲያ ከአባቷ ራስጌ አልጠፋችም። ትንሽ መቅረጫ ነበራት። ስለ ዜማ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸው ሲችሉ በሁለት በሦስት ቃል ይመልሳሉ። ሃያ ዓመት ያልተነጋገሩትን በአንድ ሳምንት ተነጋገሩ ማለት ይቻላል። ላቀች ይህን ስታይ ትንሽ ለሰስ አለች። «እንኳን መጣሽ» አለቻት አንድ ማታ።

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ጠዋት ላቀች ማልዳ ወፍጮ ቤት ሄደች። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ቆሞ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። ልዕልት ለአባቷ አጥሚት ይዛ ስትገባ መሪጌታ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው አገኘቻቸው። አንድ ነገር እያሉ ነው። ጠጋ ብላ ሰማች። ዜማ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። የጾም ዜማ በዕዝል፣ በዚያ በሚከብደው፣ ለሐዘን በሚሆነው ስልት፣ ዝቅ አድርገው ይሉታል። ትንፋሻቸው ስለማይበቃ መቆረጥ በማይገባው ቦታ ይቆርጡታል። ሲቆርጡት ዝም ይላሉ፤ ደረታቸው ትንፋሹን ፍለጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በዝምታው መሐል የጣሪያው ጠብታ ይሰማል። ከዚያ ካቆሙበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ብለው ያነሡታል፤ ድምፃቸውም የመጀመሪያው ቦታ ላይ አያርፍም፤ ከሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሐል፣ ቁልፍ በሌለበት ቦታ ይወድቃል።

ልዕልት አጥሚቱን መሬት ላይ አስቀምጣ መቅረጫውን ከፈተች። ዓመት ሙሉ የፈለገችው ይኸው ነው። ሁለቱን ጎረቤት ቁልፎች በጣም ለስለስ አድርጋ ብትነካቸው፣ ፔዳሉን ዘግየት ብላ ብትለቀው፣ መሐላቸው ያለው ድምፅ ራሱ ይመጣል፤ ዝምታው ደግሞ በልክ ይጻፋል። ገና ሳትነካው ሙሉው ድርሰት ተሰማት።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። ወደ በረንዳው ወጣች። መልካሙ ነው።

«መንገዱ ተከፍቷል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እወጣለሁ። የመሪጌታን ቦታ ይዣለሁ፤ ለአንቺም ለላቀችም አለ። ሰው ልላክላችሁ? በቃሬዛ እናወጣቸዋለን።»

ልዕልት በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። አባቷ እየዘመሩ ነው።

«ነገ አይሆንም?» አለች።

«ምን?»

«ነገ ጠዋት። ዛሬ ላቀች የለችም፣ ወፍጮ ቤት ናት። ዕቃም አልተዘጋጀም።»

«ልዕልት፣ ነገ መኖሩን ማን ያውቃል? ላቀችን እኔ በመንገዴ አነሣታለሁ።»

«ትንሽ ተሽሏቸዋል» አለችው። «ዛሬ እየዘመሩ ነው። ነገ ይሁንልን።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለና ዘጋው።

ስትመለስ መሪጌታ አቁመው ነበር።

«ማነው?»

«መልካሙ ነው፣ አባባ። ነገ ደብረ ታቦር እንሄዳለን።»

«ነገ። ደግ» አሉ። መቅረጫውን አይተው ፈገግ አሉ፤ ጥርሳቸውን ካየች ብዙ ጊዜዋ ነው። «ለዚያ ለእንጨትሽ ነው? ልቀጥልልሽ?»

«ይቀጥሉልኝ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል አሰሟት። ከዚያ ደከማቸውና እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሕይወታቸው ለሴት ልጃቸው ዜማ ሲያሰሙ የመጀመሪያቸውም የመጨረሻቸውም ነው።

ላቀች ዱቄቱን በአህያ ጭና ስትመለስ ፊቷ በጥያቄ ተሞልቶ ነበር።

«የመልካሙ መኪና ወፍጮ ቤቱን አልፎ ሲሄድ አየሁት! አልደወለም?»

ልዕልት ምን እንደምትል አላሰበችበትም። አፏ ብቻውን ተናገረ።

«ደውሎ ነበር። መኪናው ሞላብኝ አለ። ነገ ይወስደናል።»

«ሞላብኝ? ቃል ገብቶልኝ?» ላቀች የአህያዋን ገመድ እንደያዘች ቆመች። «ሰው እንዲህ ነው ማለት ነው።»

ያን ከሰዓት ልዕልት ጓዳ ገባች። ማዳመጫዋን አደረገች። ስምንተኛው ድርሰት እንደ ውሃ ይወርድ ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ከጉና ማዶ ተኩስ ተሰማ። መልካሙ ደብረ ታቦር ላይ ታግዶ ቀረ፤ መንገዱ ተዘጋ። ቅዳሜም አልተከፈተ። እሑድ ልዕልት የመጨረሻውን ገጽ ጨረሰች። ከዳር እስከ ዳር ስትጫወተው አንድም የምትነካካው ነገር አላገኘችበትም፤ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ነገር ጽፋ አታውቅም። ደስ አላት። ደስታው እንደ ልጅ ደስታ ነበር፤ በጓዳው ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። በኋላ ከሁሉም በላይ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት ያን ሳቅ ነው።

መሪጌታ ከማክሰኞ ጀምሮ ባሰባቸው። መናገርም ተዉ። ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይዘው፣ አንገታቸውን አስግገው አየር ይስባሉ። የሚስቡት አይገባም። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። ላቀች በቆርበት ማራገቢያ ስታራግብላቸው ትውላለች፤ ልዕልት ትተካታለች። ሲስተር አዜብ ያላትን ኪኒን ሁሉ ሰጠች፤ ከዚያ የምትሰጠው አጣች። አንዴ የጎረቤት ሰዎች ተሰብስበው በቃሬዛ በእግር እንውሰዳቸው አሉ፤ የደብሩ ቀሳውስት «መንገድ ላይ ይሞታሉ» ብለው ከለከሉ። መሪጌታ ሁሉን በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር። ልዕልትን ሲያዩ ያ ዓይን አልወቀሳትም፤ ምንም አያውቅምና።

ከዚያ ሐሙስ አንሥቶ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ በላቀች እጅ ላይ አረፉ። ማረፍ ከተባለ ነው፤ ታፍነው ነው የሞቱት።

ከቀብሩ በኋላ ልዕልት ሲስተር አዜብን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለብቻዋ ያዘቻት።

«ሐሙስ ዕለት ደርሰው ቢሆን ይድኑ ነበር?»

አዜብ አየቻት። «አላውቅም። ልባቸው አርጅቶ ነበር። አንድ ዓመት ይጨምሩ ነበር፣ አንድ ወር ይጨምሩ ነበር፣ አላውቅም። ግን እንዲህ አይሠቃዩም ነበር። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው።»

መንገዱ በመስከረም ተከፈተ። ልዕልት ግን የአርባው ተዝካር ሳይወጣ መሄድ አልቻለችም፤ የምታስተምርበት ቦታም ፈቃድ ጨምሮላት ነበር። በተዝካሩ ዕለት ከዳሱ ሥር ካህናቱና የአገሩ ሰው ተቀምጠው ሳለ መልካሙ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። ልዕልት የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ነበር።

ላቀች ቀድማ ተነሣች። ቀጭን፣ አጥንቷ የጎላ፣ ሐዘን ያከሰላት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ዳሱን ሞላው።

«መልካሙ! ምን ፊት ይዘህ ነው የመጣኸው? ቃል ገብተህልኝ ስታበቃ መኪናው ሞላ ብለህ አባቴን ጥለህ ሄድህ። ለማን ብለህ ነው? ማን በልጦባቸው ነው?»

መልካሙ ላቀችን አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ዞሮ ልዕልት ላይ ዐረፈ። ብዙ አልቆየም። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ሞልቶ ነበር። ይቅር በይኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልህ። እኔ አልችልም።»

መልካሙ ሳይቀመጥ፣ ምንም ሳይቀምስ ወጣ። ልዕልት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ልትጠራው ነበር፤ አልጠራችውም።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰው። መሪጌታን ጥሎ የሄደ ሾፌር ተባለ። የመሪጌታ ተማሪ የነበሩ ቄሶች መናኸሪያው ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ነሡት። ወገዳ ድረስ ያለ ሰው የእሱን መኪና እያየ ቀጣዩን መጠበቅ ጀመረ። ልዕልት ይህን የሰማችው ራሷ ላቀች ስትናገር ነው፤ በእርካታ ነበር የተናገረችው።

ላቀች ያን ጊዜ በጓሮ ተቀምጣ የደረቀ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ልዕልት ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ መኪናው አልሞላም ነበር።»

የላቀች እጅ ሥራውን አላቆመም። «ምን አልሽ?»

«መልካሙ ቦታ ይዞ ነበር። ለሦስታችንም። ነገ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። አባባ እየዘመሩ ነበር፤ እየቀረጽኳቸው ነበር። ድርሰቱ መጣልኝ። እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ነው።»

ላቀች ባቄላውን ትታ አየቻት። ልዕልት ትመታኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትመታት ደስ ይላት ነበር።

«አሰሚኝ» አለች ላቀች።

«ምኑን?»

«ያን ነገር። አባቴን የሸጥሽበትን። አሰሚኝ።»

ጓዳ ገቡ። ልዕልት ማዳመጫውን በእህቷ ጆሮ ላይ አደረገችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መጫወት ጀመረች። እሷ ራሷ የሚሰማት የቁልፉ ጠቅታ ብቻ ነበር፤ ግን በጣቷ ታውቀዋለች። ድርሰቱ አምስት ደቂቃ አይሞላም። በመሐል ቀና ብላ ስታይ ላቀች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፤ ትንፋሿ አጥሯል፤ ዜማው በሚቆረጥበት ቦታ ትቆርጣለች፣ በሚነሣበት ቦታ ትስባለች።

ድርሰቱ አለቀ።

«እሳቸው ናቸው» አለች ላቀች። «ምንም ቃል ሳይኖርበት እሳቸው ናቸው። ይሄ ትንፋሻቸው ነው አይደል? እዚህ ጋ የሚያጥረው።»

«አዎ።»

«እየዘመሩ እኮ አልነበረም፣ ልዕልት። እየታፈኑ ነበር።»

«ሁለቱም ነበር፣ እትዬ።»

ላቀች ማዳመጫውን አውልቃ ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለችው፤ እንዳይበላሽ ተጠንቅቃ አስቀመጠችው።

«መኪና ሲገኝ ሂጂ» አለች።

በማግሥቱ ላቀች ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያ ወረደች። በተሳፋሪው፣ በደላላው፣ ሻይ በሚጠጣው ሰው ሁሉ ፊት መልካሙን ይቅርታ ጠየቀችው። «ዋሽቶኝ ነበር የነገረኝ ሰው» አለች፤ ማን እንደሆነ አልተናገረችም። ሰው ግን የገባው ገባው።

ልዕልት ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው በመልካሙ መኪና ተሳፈረች፤ ሌላ አልነበረም። ከፊት ወንበር አስቀመጣት። ከተማውን ለቀው ዳገቱን ወጡ። መንገዱ ላይ ጭቃው ደርቆ የጎማ ፈለግ ሠርቷል፤ በሁለቱም ወገን ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ አልፎ አልፎ የተቃጠለ መኪና ቆሟል።

«ለምን ዋሸህልኝ?» አለችው።

መልካሙ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ መለሰ። «አባታችሁ ከሞቱ ሁለት ብቻ ናችሁ የቀራችሁት። ሁለታችሁን ባጣላ ምን አገኛለሁ?»

«ሰው ጠላህ እኮ።»

«ሰው ይረሳል።» ማርሽ ቀይሮ ጨመረ። «ግን እኔም አልተኛሁም። አንቺ ነገ ስትይኝ ዝም ብዬ መጥቼ ማንሣት ነበረብኝ። ቤታችሁ ከመንገዱ ሩቅ አልነበረም። ይህን አስባለሁ።»

ልዕልት ልትመልስለት ፈለገች፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልትለው ነበር። ለቅሶ ቀደማት። እሱም ሳያባብላት ነዳ።

በታኅሣሥ ስምንቱን ድርሰቶች አቀረበች። ስምንተኛውን ላቅርበው ወይስ ልተወው ብላ ሁለት ወር ተጨንቃለች። ብትተወው ያ ሐሙስ ለምንም ሳይሆን መቅረቱ ነው፤ ብታቀርበው ደግሞ በአባቷ መታፈን መጨብጨቡ ነው። አቀረበችው። መድረኩ ላይ እውነተኛ ትልቅ ፒያኖ ነበር፤ ድምፁ ከእንጨቱ ውስጥ ተነሥቶ አዳራሹን ሲሞላ ቤት ውስጥ ካሰበችው በላይ ሆነ። እየተጫወተች ሳለ ስለ አባቷ አላሰበችም። ስለ ሞታቸውም፣ ስለ ላቀችም አላሰበችም። ፔዳሉን መቼ እንደምትለቅ ብቻ ነበር የምታስበው። ስትጨርስ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ አስተማሪዋ እንባውን እየጠረገ መጥቶ፣ «አሁን ደራሲ ሆንሽ» አላት። ልዕልት መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልጻፈችም። ታስተምራለች። ላቀች ከተለያዩ ጀምሮ ስልኳን አሥር ወር አላነሣችም። በነሐሴ መጀመሪያ ግን ራሷ ደወለች።

«ሙት ዓመታቸው ደርሷል። ነይ፤ እጅ ያንሰኛል።»

ልዕልት ሄደች። መንገዱ ክፍት ነበር። ላቀች በር ላይ ሳመቻት፤ እንደ እንግዳ ጉንጭ ለጉንጭ። የቀድሞው ሁሉ ሳይነሣ ሥራ ጀመሩ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ሲያበጥሩ፣ ጌሾ ሲወቅጡ፣ ጋን ሲያጥኑ ዋሉ። የሚነጋገሩት «ያን አቀብዪኝ»፣ «እሳቱ ከሰመ» ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ላቀች ቀና ሳትል ጠየቀች።

«አቀረብሽው?»

«አቀረብኩት።»

«ሰዎቹ ምን አሉ?»

ልዕልት ብትዋሽ ትወድ ነበር። «ቆመው አጨበጨቡ።»

ላቀች ከምስሩ ውስጥ አንድ ጠጠር አወጣች፤ አየችውና ወረወረችው።

«አባባ ከማኅሌት ውጭ፣ ለሰው አጨብጭበው አያውቁም» አለች።

ከዚያ ሰፌዱን ወደ እህቷ ገፋችላትና ማድጋውን አንሥታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ልዕልት ጎንበስ ብላ የቀረውን ምስር መልቀም ቀጠለች።